የሐይቅ ዳር የማን ነው? ከሚኒያፖሊስ እስከ ጣና

ከሚኒያፖሊስ መሐል ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኘውን ብዴ ማካ ስካ የተባለ ሐይቅ በእግሩ ሊዞር የሚሻ ሰው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ሁሉ መንገድ አጥር አይገጥመውም። የመግቢያ ገንዘብ የሚቀበል፣ የማን እንግዳ እንደሆነ የሚጠይቅ ዘበኛም የለም። ከዚያው ከተማ ወደ ምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝ ደግሞ ሚኒቶንካ የተባለውን እጅግ የሚበልጥ ሐይቅ ያገኛል። የዚህኛው ዳርቻ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ሆኖም አብዛኛው የግል ቤቶች ጓሮ ነው። ጥቂት የሕዝብ መናፈሻዎችና የጀልባ ማውረጃዎች ቢኖሩም ሐይቁን ዳር ዳሩን ይዞ መዞር አይቻልም።

ሁለቱም ሐይቆች የበረዶ ዘመን ትተውት የሄደው ቅርስ ናቸው። ሁለቱም በአንድ ግዛት፣ በአንድ ሕግ ሥር ይገኛሉ። ሁለቱንም የተመኛቸው የመሬት ገበያ አንድ ነው። ተፈጥሮ በመካከላቸው ይህን ልዩነት አላኖረም። ልዩነቱ የመጣው ከ140 ዓመታት በፊት አንዱ ከተማ ዳርቻውን ገዝቶ ለሕዝብ ሲያስቀር የሌላው ሐይቅ ዳርቻ በቁራሽ በቁራሽ እየተሸነሸነ በመሸጡ ነው።

ይህ ታሪክ በመንትዮቹ ከተሞች ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ከእሑድ ሽርሽር ያለፈ ትርጉም አለው። በጎርጎራ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በቢሾፍቱ የሐይቅ ዳር መሬት ለማን እንደሚሆን የሚወሰነው ዛሬ ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ አንዴ ከተወሰነ በኋላ የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው፤ የሚመለሰውም በብዙ ካሳ ነው። የሚኒያፖሊስ ታሪክ እንደሚያሳየው «የሕዝብ ዳርቻ» የሚለው ሐረግ አራት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይሸፍናል። መሬቱ የማን ነው? ወደ ውኃው የሚያደርሰው መንገድ ክፍት ነው? ውኃው ራሱ ንጹሕ ነው? በአጠገቡ መኖር የተፈቀደለትስ ማን ነው፣ ቀድሞ ይኖርበት የነበረውስ የት ደረሰ? አንዱን በሚገባ የመለሰ ከተማ ሌሎቹን መልሷል ማለት አይደለም። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሬት ርካሽ በነበረበት ዘመን

በ1880 የሚኒያፖሊስ ሕዝብ 46,887 ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ 164,738 ሆነ። ከተማዋ በሴንት አንቶኒ ፏፏቴ ኃይል እየፈጨች የዓለም የዱቄት መዲና ለመሆን ትገሠግሥ ነበር። የመሬት ዋጋም ከሕዝቡ ጋር ይሮጥ ነበር። በዚህ መካከል በ1883 የሚኒሶታ ምክር ቤት ራሱን የቻለ የፓርክ ቦርድ የሚያቋቁም ሕግ አወጣ። የከተማው ምክር ቤት ሥልጣኑ እንዳይቀነስበት ቢቃወምም፣ መራጩ ሕዝብ በኤፕሪል 3 ቀን ሕጉን አጸደቀው።

የሕጉ ቁልፍ በተቋሙ አደረጃጀት ውስጥ ነበር። ቦርዱ በሕዝብ የሚመረጡ አባላት፣ የራሱ ግብር፣ ቦንድ የመሸጥ መብት፣ እንዲሁም መሬትን ለሕዝብ ጥቅም በካሳ የመውሰድ ሥልጣን ተሰጠው። የከተማው ምክር ቤት ገንዘብ በቸገረው ዓመት የፓርኩን መሬት ሸጦ ቀዳዳ ሊደፍንበት አይችልም። ዛሬም ድረስ ሚኒያፖሊስ በፓርክ ይዞታዋ ከአሜሪካ ከተሞች ፊተኞች መካከል የምትቆጠር ከሆነ፣ ምስጢሩ ከሐይቆቿ ብዛት ይልቅ በዚህ አደረጃጀት ላይ ነው።

የቦርዱ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ነጋዴው ቻርልስ ሎሪንግ ሲሆን፣ አማካሪው በዚያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 70 የሚጠጋው የመልክዓ ምድር ነዳፊ ሆራስ ክሊቭላንድ ነበር። ክሊቭላንድ ከ1872 ጀምሮ ለሁለቱም ከተሞች የሚሰጠው ምክር አንድ ነበር፦ ለጌጥ ገንዘብ ከማውጣት በፊት መሬቱን ያዙ። አበባውን ተከታዩ ትውልድ ሊተክለው ይችላል፤ በቤት የተሸፈነን የሐይቅ ዳር ግን ማንም መልሶ ሊገዛው አይችልም። ሴንት ፖል ምክሩን ቀድማ ሰምታ በ1873 በኮሞ ሐይቅ ዙሪያ 300 ኤከር ያህል መሬት በ100,000 ዶላር ገዛች። ሚኒያፖሊስ ዘግይታ ብትጀምርም ሥራውን በሥርዓት ያዘችው። የሃሪየት ሐይቅ ዳርቻ አብዛኛው ክፍል በ1885 በስጦታ ተገኘ። ሌሎቹ ዳርቻዎች በግዢ፣ በስጦታና በካሳ ተራ በተራ ተሰበሰቡ።

ስጦታው ግን ቸርነት ብቻ አልነበረም። የሐይቅ ዳሩ ለሕዝብ ሲሰጥ ከኋላው ያለው መሬት ዋጋው ይጨምራል፤ የሚሰጡትም ብዙ ጊዜ የኋላው መሬት ባለቤቶች ነበሩ። ሄንሪ ጆርጅ በ1879 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ፣ የመሬት ዋጋ ጭማሪ ከባለ መሬቱ ልፋት ሳይሆን ከማኅበረሰቡ ዕድገት እንደሚመነጭ አስረድቶ ነበር። የፓርኩ ቦርድ ይህን ሐሳብ በከፊል ወደ ሥራ ቀየረው። ለአዲስ ፓርክ ከሚወጣው ወጪ ትልቁን ድርሻ፣ ከፓርኩ የሚጠቀሙት የአካባቢው ባለ ይዞታዎች በጥቅማቸው ልክ በየዓመቱ እንዲከፍሉ አደረገ። በ1911 የወጣው የኤልዌል ሕግ ይህን አሠራር ይበልጥ አጠናከረው። ከተማው ዳርቻውን አልሸጠም። ዳርቻው በሌሎች መሬቶች ላይ ከፈጠረው ዋጋ ግን ድርሻውን ወሰደ።

ዳርቻ የሰው እጅ ሥራ ነው

ዛሬ ሰው ፎጣውን ዘርግቶ የሚተኛበት አሸዋ በአብዛኛው ተፈጥሮ ያስቀመጠው አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከእነዚህ ሐይቆች ብዙዎቹ ግማሽ ውኃ፣ ግማሽ ረግረግ ነበሩ። ከ1906 እስከ 1935 የፓርኮቹ የበላይ ኃላፊ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ቲዮዶር ዊርዝ ረግረጉን እያስቆፈረ፣ ጭቃውን በዳር እየከመረ፣ በላዩም አሸዋ እያስደፋ ዛሬ የሚታየውን መልክ ሰጣቸው። የደሴቶች ሐይቅ ተብሎ የሚተረጎም ስም ያለው ሌክ ኦፍ ዘ አይልስ ቀድሞ አራት ደሴቶች ነበሩት፤ ከቁፋሮውና ከሙሌቱ በኋላ የቀሩት ሁለት ናቸው። በጁላይ 1911 ይህን ሐይቅ ከጎረቤቱ ጋር የሚያገናኘው ቦይ ሲከፈት ከተማዋ ታላቅ በዓል አደረገች።

ነገሩ ለኢኮኖሚ ታሪክ አጥኚ ግልጽ ትርጉም አለው። የሕዝብ ዳርቻ እንደ መንገድና እንደ ድልድይ ያለ መሠረተ ልማት ነው፤ ይገነባል፣ ይጠገናል፣ ዓመታዊ በጀት ይጠይቃል። «ተፈጥሮ የሰጠችን» እየተባለ ብቻ የሚወደስ ዳርቻ ወይ ይበከላል፣ ወይ ደግሞ ጥገናውን ለመክፈል አቅም ያለው ግለሰብ ያጥረዋል።

ከፓርኩ በፊት

ይህ ሁሉ የተሠራበት መሬት ግን ባዶ አልነበረም። ከ1829 ጀምሮ ለ10 ዓመት ያህል በብዴ ማካ ስካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሄያታ ኦቱንዌ የተባለ የዳኮታ ሕዝብ የእርሻ መንደር ነበር። የዳኮታን ቋንቋ በፊደል ለመጻፍ መሠረት የጣሉት የፖንድ ወንድማማቾች ሥራቸውን የጀመሩት በ1834 እዚያው ነው። በ1851 በተፈረሙት የትራቨርስ ደ ሱና የሜንዶታ ስምምነቶች ዳኮታዎች 24 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት እንዲለቁ ተደረገ። የተገባላቸው ክፍያ እየዘገየና እየተሸራረፈ ረኃብ ሲጸናባቸው በ1862 ጦርነት ተነሣ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 26 ቀን በማንካቶ 38 የዳኮታ ወንዶች በአንድ መድረክ ተሰቀሉ። 1,600 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን፣ የሚኒሶታና የሚሲሲፒ ወንዞች በሚገናኙበት ከፓይክ ደሴት አጠገብ በፎርት ስኔሊንግ ሥር ታጉረው ክረምቱን አሳለፉ። በመቶዎች የሚገመቱት እዚያው ሞቱ። በ1863 የአሜሪካ ኮንግረስ የቀሩትን ከግዛቱ የሚያስወጣ ሕግ አወጣ።

የፓርክ ቦርዱ የተቋቋመው ከዚህ 20 ዓመት በኋላ ነው። መሬቱ ርካሽ የሆነበት አንዱ ምክንያት የቀድሞ ባለቤቶቹ በገበያው ውስጥ አለመኖራቸው ነበር። ከዚህም በላይ ሐይቁ ከ1817 እስከ 1825 የአሜሪካ የጦር ሚኒስትር በነበረው፣ በኋላም የባርነት ሥርዓት ዋና ጠበቃ በሆነው በጆን ካልሁን ስም ይጠራ ነበር። የዳኮታው ስም እንዲመለስ የተደረገው ትግል ረጅም ነበር። በ2018 የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ስሙን ቀየረ፤ በ2019 የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው፤ በሜይ 2020 የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሥሪያ ቤቱ ሥልጣኑ እንዳለው ፈረደ። ስም ተመለሰ፤ መሬት ግን አልተመለሰም። እዚህ ላይ «የሕዝብ» የሚለው ቃል ሕዝቡ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ከወሰነ ኃይል ተለይቶ እንደማይቆም መገንዘብ ይገባል።

በቤት ሰነድ ውስጥ የተጻፈው

ሁለተኛው ማግለል ይበልጥ ጸጥ ያለ ነበር። ዳርቻው ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሳለ በአጠገቡ መኖር ግን ለሁሉም አልተፈቀደም። ከ1910 ጀምሮ በሚኒያፖሊስ የቤት ሽያጭ ሰነዶች ውስጥ ንብረቱ ለጥቁሮችና ለሌሎች በስም ለተዘረዘሩ ዘሮች እንዳይሸጥ ወይም እንዳይከራይ የሚያስገድዱ አንቀጾች ይገቡ ጀመር። ከመጀመሪያዎቹ ሰነዶች አንዱ የአፍሪካ ደም ወይም ትውልድ ያለውን ሁሉ ለይቶ ይጠቅሳል። ማፒንግ ፕረጁዲስ የተባለው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ቡድን በሚኒያፖሊስ ብቻ 8,000 ያህል እንዲህ ያሉ ሰነዶችን ፈልጎ በካርታ ላይ አስፍሯል። ካርታው በግልጽ እንደሚያሳየው እነዚህ ሰነዶች በብዛት የሰፈሩት በፓርኮች፣ በሐይቆችና በሚኒሃሃ ወንዝ አጠገብ ነው።

አሠራሩን በገንዘብ ቋንቋ ማስረዳት ይቻላል። ከሁሉም በተሰበሰበ ግብር የተሠራ ፓርክ በአጠገቡ ያለውን ቤት ዋጋ ከፍ ያደርጋል። ያንን ቤት መግዛት የሚችለው ነጭ ብቻ ከሆነ፣ የጋራው ገንዘብ የፈጠረው ሀብት ወደ አንድ ወገን ኪስ ይፈስሳል፤ ከዚያም ለልጅና ለልጅ ልጅ ይወረሳል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ፍርድ ቤቶች እነዚህን አንቀጾች እንዳያስፈጽሙ ወሰነ፤ ሚኒሶታ በ1953 አዳዲሶቹን ከለከለች፤ በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ በቤት ሽያጭና ኪራይ የሚደረገውን መድልዎ ሕገ ወጥ አደረገ። በሰነዱ ምክንያት የተፈጠረው የሀብት ልዩነት ግን በሕግ መሻር ብቻ አልጠፋም። ዛሬ በእነዚህ ሐይቆች ዳር የሚሮጥ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወይም መሐንዲስ፣ ቤት ለመግዛት ሲነሣ የሚገጥመው ዋጋ ያ ታሪክ በከፊል የጻፈው ነው።

ውኃው ሲጠፋ

የሴንት ፖል ታሪክ ሌላውን ጥያቄ ያነሣል። በከተማዋ መሐል ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የምትገኘው ሃሪየት ደሴት ስሟን ያገኘችው ከከተማዋ የመጀመሪያዋ መምህርት ከሃሪየት ቢሾፕ ነው። በ1886 በአሜሪካ የመጀመሪያውን የተሳካ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረገው ጀርመን ተወላጁ ሐኪም ጀስተስ ኦሃጌ፣ የከተማዋ የጤና ኃላፊ በነበረበት ጊዜ የደሴቲቱን መሬት በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ለከተማዋ ሰጠ። በ1900 የሕዝብ መታጠቢያና መዋኛ ሆና ተከፈተች። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሠራተኛ በቤቱ ገላ መታጠቢያ ስላልነበረው ነገሩ ከመዝናኛ ይልቅ የጤና ጉዳይ ነበር።

መሬቱ የሕዝብ ነበር፤ መንገዱም ክፍት ነበር። ሆኖም ሁለቱ ከተሞች የፍሳሽ ቆሻሻቸውን ሳያጣሩ ወደ ወንዙ ይለቁ ስለነበር ከሁለት አስርት ዓመታት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መዋኘት አደገኛ ሆነና መዋኛው ተዘጋ። የመንትዮቹ ከተሞች የጋራ የፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ የጀመረው በ1938 ነው። በ1950 ደግሞ ደሴቲቱን ከየብስ የሚለየው የውኃ መስመር ተሞልቶ ሃሪየት ደሴትነቷ በስም ብቻ ቀረ። የሴንት ፖል ሕዝብ ከዳርቻው መሬት አንድ ስንዝር ሳይነጠቅ መዋኛውን አጣ።

ሕግ አለ፣ መንገድ የለም

ዳርቻን የሕዝብ የሚያደርግ ሕግ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያዘልቅ ለመመልከት የካሪቢያን ባሕር ደሴቶች ጥሩ ማነጻጸሪያ ናቸው። አሜሪካ ሴንት ቶማስን፣ ሴንት ጆንንና ሴንት ክሮይን ከዴንማርክ በ25 ሚሊዮን ዶላር ወርቅ ገዝታ በማርች 31 ቀን 1917 ተረከበች። ዴንማርክ በ1916 ለሽያጩ ሕዝበ ውሳኔ ስታካሂድ ድምፅ የሰጡት በአውሮፓ ያሉ ዜጎቿ እንጂ የደሴቶቹ ነዋሪዎች አልነበሩም። ከነዋሪዎቹ አብዛኞቹ በ1848 ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቱሪዝም ሲስፋፋ ሆቴሎች ዳርቻውን ማጠር ጀመሩ። በ1956 ሎረንስ ሮክፌለር በሴንት ጆን የሰጠው 5,000 ኤከር ያህል መሬት ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ዛሬ ፓርኩ ከደሴቱ ከግማሽ በላይ ይሸፍናል። በሌሎቹ ደሴቶች ግን ሕዝቡ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋኝበት ከኖረው አሸዋ መባረሩ ቁጣ አስነሣ። የግዛቱ ምክር ቤት በ1971 ያወጣው ሕግ፣ ከዝቅተኛው የማዕበል መስመር ወደ ውስጥ እስከ 50 ጫማ፣ ወይም ቋሚ ዕፀዋት ወይም የተፈጥሮ ግንብ ከዚያ ቀድሞ ከተገኘ እስከዚያው ድረስ፣ ዳርቻው ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ደነገገ። ሕጉ አዲስ መብት ከመፍጠር ይልቅ በልማድ የነበረውን በጽሑፍ አጸና።

ጉድለቱ ግን ወዲያው ታየ። አሸዋው የሕዝብ ነው፤ ከመንገድ ወደ አሸዋው የሚወስደው መሬት ግን የግል ነው። በጀልባ ወይም በዋና ካልሆነ በቀር የማይደረስበት የሕዝብ ዳርቻ በካርታ ላይ ብቻ የሕዝብ ነው። ሚኒያፖሊስ ከዚህ ወጥመድ የዳነችው በሐይቅ ዙሪያ የእግርና የተሽከርካሪ መንገድ በመሥራቷ ነው። ቤቱ ከመንገዱ ወዲያ፣ ሐይቁ ከመንገዱ ወዲህ ሆኖ በመካከላቸው የሕዝብ መተላለፊያ ስላለ ማንም የሐይቁን በር ይዞ ሊቆም አይችልም።

ባሕር ዳር ስሟ ምን ይላል?

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ መልሳዋለች። መሬት የግል ንብረት መሆኑ ቀርቷል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን አጽንቷል። በወረቀት ላይ ከታየ፣ ሚኒያፖሊስ በብዙ ሚሊዮን ዶላርና በብዙ አስርት ዓመታት የደረሰችበትን ኢትዮጵያ በአንድ ቀን አግኝታዋለች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ደግሞ የውኃ አካላትን ዳርቻ ወሰን የመከለልና በክልሉ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ግንባታን የመከልከል ሥልጣን ለሚመለከተው አካል ይሰጣል።

ነገር ግን ባለቤትነትና ተደራሽነት ለየቅል ናቸው። የሕዝብ የተባለ መሬት በሊዝ ሲተላለፍ ለብዙ አስርት ዓመታት አጥሩ የተከራዩ ነው። በባሕር ዳርም ሆነ በቢሾፍቱ ከዳርቻው ሰፊው ክፍል በሆቴሎች፣ በመዝናኛዎችና በመሥሪያ ቤት ግቢዎች የተያዘ ነው። ወደ ውኃው ለመድረስ የሚፈልግ ብዙውን ጊዜ መግቢያ ወይም ቢያንስ የአንድ ለስላሳ ዋጋ ይከፍላል። የባሕር ዳር ስም የሚነግረን ከተማዋ የሐይቁ ዳርቻ መሆኗን ነው፤ ከነዋሪዋ ብዙው ግን ሐይቁን የሚያየው በአጥር ክፍተት ነው። በቅርቡ በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከዳርቻው የተወሰነው ለእግረኛ እየተከፈተ መሆኑ በጎ ጅምር ነው። ዘላቂነቱ ግን ሊሸጥና ሊለወጥ የማይችል ሕጋዊ መሠረት በማግኘቱ ላይ ይወሰናል።

የችግሩ ሥር የባለሥልጣናት ክፋት ሳይሆን የገቢ አወቃቀር ነው። ዓመታዊ የንብረት ግብር የመሰብሰብ አቅሙ ደካማ የሆነ ከተማ አስተዳደር ትልቁ የገቢ ምንጩ ሊዝ ነው። ከሁሉም ውድ የሆነው መሬት ደግሞ የሐይቅ ዳር ነው። ስለዚህ አስተዳደሩ የፊተኛውን ረድፍ አንዴ ሸጦ ዘላለማዊ ጥቅሙን ያጣል። የሚኒያፖሊስ ስሌት የተገላቢጦሽ ነው፦ የፊተኛውን ረድፍ አትሽጥ፤ ከኋላ ባለው ሁለተኛና ሦስተኛ ረድፍ ላይ ከሚፈጠረው ዋጋ በየዓመቱ ሰብስብ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ይህን ስሌት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቻል ያደርገዋል።

ጣና የራሱ የሆነ የዳርቻ ሥርዓት አልነበረውም ማለት አይደለም። በዘጌ ልሳነ ምድር በገዳማቱ ትውፊት ማረስ የተከለከለ በመሆኑ ደኑና ቡናው እስከ ዛሬ ዘልቀዋል። ከ37 ያህል ደሴቶች መካከል እንደ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ያሉት ለዘመናት መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት የጠበቁት በጥብቅ የመግቢያ ሥርዓት ነው፤ ሁለቱም ሴቶችን አያስገቡም። እነዚህ ልማዶች ለሁሉም ክፍት አልነበሩም፤ ሆኖም ማን ምን ማድረግ እንደሚችል በግልጽ የወሰኑና የአካባቢው ሰው የሚያከብራቸው ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ ሲመዘግብ ከመዘገባቸው ሀብቶች አንዱ ይህ የሰውና የተፈጥሮ ቁርኝት ነው።

የዳኮታ ታሪክ ጥላም በጣና ላይ ይታያል። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት፣ ዓሣ የሚያጠምዱት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ከሐይቁ ዳር ቀድመው የኖሩ ናቸው። ከተማዋ ስትሰፋ ከዳርቻው ወደ ውስጥ ተገፍተዋል፤ ደንገሉም ለግንባታና ለእርሻ ሲባል እየተመናመነ መተዳደሪያቸው ጠብቧል። ቱሪስት ፎቶ የሚያነሣው ታንኳቸውን ነው፤ በዳርቻው ዕቅድ ላይ ግን ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም። ሚኒያፖሊስ ለዚህ ጥያቄ ከ130 ዓመት በላይ ዘግይታ የመለሰችው መልስ ስም መመለስ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ከዚያ የተሻለ መልስ ለመስጠት አሁንም ጊዜ አላት፤ ሰዎቹ ዛሬም እዚያው አሉና።

የሃሪየት ደሴት ጥያቄም አልቀረም። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የታየው እምቦጭ፣ ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና ደለል፣ ከከተማ የሚለቀቀው ፍሳሽ ሲደማመሩ ዳርቻው ቢከፈትም ውኃው እንዳይነካ ያደርጋሉ። ሐሮማያ ደግሞ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ፈጽሞ በመድረቁ ሐይቅ እንደ ሐይቅ የሚዘልቀው ሲጠበቅ ብቻ መሆኑን አሳይቷል።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ታሪክ የሚወጡት ምክረ ሐሳቦች ቀላል ናቸው፤ የሚከብደው በጊዜው መፈጸማቸው ነው። በመጀመሪያ፣ ለእያንዳንዱ ሐይቅ በመሬት ላይ ምልክት የተደረገበት የዳርቻ ወሰን ይታወጅ፤ ከወሰኑ ወዲህ ያለው በሊዝ እንዳይተላለፍ ይደረግ። ቀደም ሲል የተሰጡ ውሎች በሚታደሱበት ጊዜ የሕዝብ መተላለፊያ ግዴታ ይግባባቸው። ሁለተኛ፣ የዳርቻው አስተዳደር የራሱ በጀትና ለሕዝብ ተጠሪ የሆነ ቦርድ ይኑረው፤ ከከተማው ዓመታዊ የገንዘብ ችግር ይጠበቅ። ሦስተኛ፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ከመናፈሻው በፊት ይምጣ። አራተኛ፣ በዳርቻው ቀድሞ የኖረውና የሚተዳደርበት ማኅበረሰብ ደንገል የማጨድ፣ ዓሣ የማጥመድና በቦርዱ የመወከል መብቱ በጽሑፍ ይረጋገጥለት።

እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ያስወጣሉ። ወጪው ግን በየዓመቱ እየጨመረ ነው የሚሄደው፤ ምክንያቱም በየዓመቱ አንድ ተጨማሪ አጥር ይቆማል። በውጭ ያለው ባለሙያም በዚህ ጉዳይ የዳር ተመልካች ብቻ አይደለም። በአገሩ ሐይቅ ዳር የዕረፍት ቤት ወይም የሆቴል አክሲዮን ሲቀርብለት፣ ገንዘቡ የሚገዛለት የፊተኛውን ረድፍ ይሁን የኋላውን ሊጠይቅ ይችላል። ክሊቭላንድ በ1880ዎቹ ለሚኒያፖሊስ የነገራት፣ ነገ የሚፈለገው መሬት ዛሬ ገና ርካሽ መሆኑን ነው። በጎርጎራና በባሕር ዳር ያ ዋጋ አሁን እየናረ ነው።